ከማህተሙ ሥር የነበረችው መስመር

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህን በገዛ እጄ ለመጻፍ በቅቻለሁ። ብዙ ማውራት አልወድም። ልጆቼ «እማዬ ሦስት ቃል በተከታታይ ከተናገረች ባሮ ይሞላል» እያሉ ይቀልዱብኛል። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ያሳጠርኩት ነገር ካለ ጠባዬ ነው። ያስረዘምኩት ካለ ደግሞ እስከ ዛሬ ስለሚቆጠቁጠኝ ነው።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም አልቆየችም ነበር። ቢሮዎች ይከፈላሉ፣ ይጣመራሉ፣ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይዛወራሉ። በየዝውውሩ መዝገብ ይጠፋል። ከዝውውር የተረፈውን ምስጥ ይበላዋል። እኔ ነርስ ነኝ፤ የጤና ቢሮው የክትባት ስቶር በእኔ እጅ ነበር። መምህር ባለቤቴን ተከትዬ ነው ከወሎ የመጣሁት። እሱ ሲያርፍ ከሁለት ልጆቼ ጋር እዚያው ቀረሁ። አገሩም ሰዉም ተቀብሎኛልና አላማርርም።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደምሰው ነበሩ። እሳቸውም እንደ እኔ ደገኛ ናቸው። የታናሹን ልጄን የሄኖክን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ስለሆኑ አበልጆች ነበርን። ባለቤቴ በሞተ ጊዜ ድንኳን ያስተከሉትና ለቀስተኛ የተቀበሉትም እሳቸው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ውለታቸውን ላለመካድ ነው። ቂሜ ለምን ያን ያህል እንደከረረ እንዲገባችሁም ነው።

ሦስተኛው ሰው ኡጁሉ ነው። የስታትስቲክስ ሠራተኛ ነው፤ የከተማው ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራንን የሚመራ አኙዋክ። አንድ ጠዋት ምስጥ የበላውን መዝገብ በአካፋ እየዛቅን ስናወጣ፣

«እህቴ፣ ምስጥ የማይበላው መዝገብ ልሥራልሽ?» አለኝ።

«ከብረት ልትሠራው ነው?»

«ከምንም። ዊኪ ይባላል።»

አዲስ አበባ ለስልጠና በሄደ ጊዜ በሲዲ ገልብጦት መጥቶ ነበር። ጠረጴዛው ሥር የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው፤ ዊኪውን እዚያ ላይ ጫነው። ኢንተርኔት አላስፈለገውም። ከዚያ ኮምፒውተር ወደ እኔ ስቶርና ወደ ኃላፊው ቢሮ ሽቦ ዘረጋ። በሦስቱም ክፍል ያለ ሰው ያንኑ ገጽ ከፍቶ ማንበብ፣ «አርም» የሚለውን ተጭኖ መጻፍና ማስቀመጥ ይችላል። የይለፍ ቃል የለውም። ኡጁሉ «ጥቁር ሰሌዳ በሉት፤ ጠመኔው የሁላችንም ነው» ይል ነበር። የአማርኛውን ፊደል አግባብቶ ለማስገባት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀበት።

ከጥቁር ሰሌዳ የሚለየው ነገር ግን ነበር። ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ «ታሪክ» የምትል ቃል አለች። እሷን ስትጫኑ ገጹ ላይ የተጻፈው ሁሉ፣ የተሰረዘውም ጭምር፣ በየተራው ይመጣል። መቼ እንደተጻፈና ከየትኛው ክፍል እንደተጻፈም ይናገራል። ይህን ለሠራተኛው ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «እዚህ ላይ የጻፋችሁት አይጠፋም» እያልኩ።

አቶ ደምሰው ለትምህርቱ አልተቀመጡም። «ለእኔ አትመሽ አምጪልኝ፤ ማህተም አደርግበታለሁ» አሉ። እምነታቸው ማህተሙ ላይ ነበር። ኋላ ኋላ ከጸሐፊያቸው እያዩ ማረሙንም ማተሙንም ለመዱ። «ታሪክ»ን ግን አንድም ቀን የነኩ አይመስለኝም። ከዊኪው የታተመ ወረቀት ክብ ማህተም ካላረፈበት ከግቢው አይወጣም ነበር። ኡጁሉ በዚህ ይስቃል።

«እናንተ ደገኞች ማህተም ከሌለው ዝናብም አትቀበሉም።»

አንድ ሰኞ ጠዋት ስቶሩን ስከፍት የተቃጠለ ክር ሸተተኝ። በላምባ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ክሩ አሮ ጠፍቶ ኖሯል። ቴርሞሜትሩ ሃያ ስድስት ያሳያል። ውስጥ የነበረው በባሮ ላይ በጀልባ ለሚደረስባት ለማታር የተዘጋጀው የኩፍኝ ክትባት ነው። የኩፍኝ ክትባት ሙቀት አይችልም። ብልቃጡን ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሲወጉት ግን ከውኃ አይሻልም።

ገጹን ከፍቼ ጻፍኩ፦ «ማቀዝቀዣው ከቅዳሜ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ክትባቱ ተበላሽቷል። ወደ ማታር እንዳይላክ። ይወገድ። አስካለ።» አስቀመጥኩት። ከወንበሬ ሳልነሣ ከትምህርት ቤት ጠሩኝ። ሄኖክ ወባ ጥሎት እየተንዘፈዘፈ ነበር። ቁልፉን ለጸሐፊዋ ወርውሬ ሮጥኩ።

ልጄ አምስት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ሁለቱን ቀን እኔንም አላወቀኝ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አቶ ደምሰው ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁን መጡ። ግንባሩን ዳሰሱት።

«አይዞሽ አበልጅ፣ እግዚአብሔር አለ።»

«ይመስገን» አልኩ።

ትንሽ ቆመው ሄዱ። ሌላ አልተነጋገርንም። ይህችን ማክሰኞ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ወደ ሥራ ስመለስ ማቀዝቀዣው ባዶ ነበር። ተወግዷል ብዬ አሰብኩ። ልጄን የማረልኝን አምላክ እያመሰገንኩ ክሩን ቀየርኩ፣ ላምባ ሞላሁ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። ገጹን ዳግመኛ አልከፈትኩትም።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የማታር ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ቱት በሬ ላይ ቆመ። ቱት ኑዌር ነው፤ በእኛ በር ጎንበስ ሳይል አይገባም። በመጣ ቁጥር «ሲስተር፣ ዛሬም አጠርሽ» ይለኝ ነበር። ያን ቀን አላለኝም። ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ከክትባቱ ጋር በጀልባ የተላከለት መሸኛ ነው።

«ይህ ስም ያንቺ ነው?»

ከዊኪው የታተመ ገጽ ነበር። ከታች ክብ ማህተም አርፎበታል። «ማቀዝቀዣው ደህና ነው። ክትባቱ ወደ ማታር ይላክ» ይላል። ቀጥሎ «አስካለ» ይላል።

«ስሙ የእኔ ነው» አልኩ።

«የከተብናቸውን ልጆች ኩፍኝ ያዛቸው። የሞቱ አሉ ሲስተር። የእህቴ ልጅ ሞታለች። እናቶቹን ሰልፍ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ይሄ መርፌ ያድናል ያልኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ሳልፍ ልጆቻቸውን ከኋላቸው ይደብቃሉ።»

«ቱት፣ ይህን እኔ አልጻፍኩም።»

«ማህተም አለው» አለኝ።

አቶ ደምሰው ድምፁን ሰምተው ገቡ። ወሬው በሬዲዮ ከቱት ቀድሞ ደርሷቸው ነበር። ወረቀቱን አንሥተው ላይ ላዩን አዩት፤ መልሰው አስቀመጡት።

«አበልጅ» አሉኝ ዝግ ብለው፣ «ያን ሰሞን ልጅሽ ታሞብሽ ነበር። ሐሳብሽ እዚህ አልነበረም። ማንም ሰው ይሳሳታል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አጣሪ ኮሚቴ ይቀመጣል። ተሳስቻለሁ በይ። እኔ አለሁልሽ።»

ይህን ሲሉ እኔን አይመለከቱም ነበር። ልጄን ክርስትና ባነሡበት እጃቸው የጠረጴዛዬን ጠርዝ ይዳብሳሉ። የጻፉት እሳቸው እንደሆኑ ያን ጊዜ አወቅኩ።

እንደወጡ ወረቀቱን እንደገና አነበብኩ። ማህተሙ ባረፈበት ቦታ፣ ከቀለሙ ሥር፣ ዊኪው በታተመ ገጽ ሁሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚያስቀምጣት መስመር ነበረች፦ «ለመጨረሻ ጊዜ የታረመው ማክሰኞ፣ ከኃላፊ ቢሮ።» ማህተሙን የመቱት በሚመሰክርባቸው መስመር ላይ ነው።

ቱትን እጁን ይዤ ወደ ኡጁሉ ክፍል ወሰድኩት። ኡጁሉ ምንም ሳይጠይቅ ገጹን ከፍቶ «ታሪክ»ን ተጫነ። ሁለት መስመር መጣ። ከታች «ሰኞ፣ ከስቶር»። ከላዩ «ማክሰኞ፣ ከኃላፊ ቢሮ»። የታችኛውን ሲከፍተው የእኔ ጽሑፍ እንዳለ ተቀምጧል። እንዳይላክ። ይወገድ።

ቱት በጣቱ እየተከተለ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ተነሥቶ ወጣና ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ብቻውን ተቀመጠ።

በሰው ውድቀት ደስ እንደሚል ያን ቀን አወቅኩ። የሞቱትን ሕፃናት ማሰብ ሲገባኝ አቶ ደምሰው በፖሊስ ተይዘው በገበያው መሐል ሲያልፉ ነበር የሚታየኝ። ከቤታቸው ሲወጡ ሚስታቸው ሲያዩ፣ ሰንበት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ሰው ሲሸሻቸው። ሁሉንም አየሁት፤ ጣፈጠኝም። ያም አልበቃኝም። ጽሑፌን መለወጣቸው ብቻ አነሰብኝ። «ገጹን አላየሁትም ነበር፣ ጸሐፊዋ ናት የተሳሳተችው» ብለው ቢያመልጡስ?

ኡጁሉ ለምሳ ሲወጣ ስቶሬ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ገጹን ከፈትኩ። የሰኞውን ጽሑፌን መልሼ አስገባሁና ከሥሩ ጨመርኩበት፦ «ማክሰኞ ሆስፒታል ሲመጡ ክትባቱ መበላሸቱን ለአቶ ደምሰው በቃል ነግሬያቸዋለሁ። ስቀው ዝም አሉ።» አስቀመጥኩ።

ውሸት ነው። አልነገርኳቸውም። አልሳቁም።

ከዚያ ማያ ገጹ ላይ መስመሯ መጣች፦ «ለመጨረሻ ጊዜ የታረመው ሐሙስ፣ ከስቶር።» የዛሬው ሐሙስ። ከእኔ ክፍል። ለሠራተኛው ሁሉ አይጠፋም እያልኩ ያስተማርኩት እኔ፣ እሳቸው የወደቁበትን ጉድጓድ ባየሁ በሁለት ሰዓቴ እዚያው ወደቅኩ። ደንግጬ ሰረዝኩት። ገጹን ወደነበረበት መለስኩት። ይህም አራተኛ መስመር ሆነ።

ኡጁሉ ከምሳ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅኩት። ሁሉንም ነገርኩት። በሕይወቴ ያን ያህል ረጅም ንግግር አድርጌ አላውቅም።

«ኮምፒውተሩ ያንተ ነው። ሁለቱን መስመር አጥፋልኝ።»

«እችላለሁ» አለ። «ፋይል ነው። መሰረዝ ነው።»

«እንግዲያው ሰርዝልኝ።»

ወንበር ሳበልኝና ተቀመጥኩ። እሱ ቆሞ ቀረ።

«እህቴ፣ የአንቺን ከሰረዝኩ የእሱንም መሰረዝ እችል ነበር ማለት ነው። መጨመርም እችላለሁ ማለት ነው። ነገ የኮሚቴው ሰብሳቢ ‘ነካክተኸዋል ወይ?’ ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልበል? መዘምራን ፊት ቆሜ የምዘምርበት አፍ ይኸው አንድ ነው።»

«ከእነ ውሸቴ ካዩት ማን ያምነኛል?»

«ከእነ ውሸትሽ ካላዩት እሱም ነፃ ይወጣል። ምረጪ።»

ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለ። «ምስጥ የማይበላው ስልሽ እኮ ምስጡን ብቻ መስሎሽ ነበር።»

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ጸለይኩ፤ ጸሎቴ ግን እርግማን እየሆነ አስቸገረኝ። እግዚአብሔር አቶ ደምሰውን እንዲጥልልኝ ስለምን፣ የእኔን መስመር ደግሞ እንዲሸፍንልኝ እለምን ነበር። ሁለቱን ልመና ባንድ ትንፋሽ መለመን እንደማይቻል ገባኝና ዝም አልኩ።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ አምስት ሆነን ተቀመጥን። ከክልሉ የተላኩ ሽማግሌ ሰብሳቢ፣ አቶ ደምሰው፣ ቱት፣ ኡጁሉና እኔ። ሰብሳቢው መሸኛውን ከቱት ተቀብለው ለአቶ ደምሰው ሰጧቸው። አቶ ደምሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ። ስሜ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን አስቀመጡ።

«እስከ መጨረሻው ያንብቡት» አልኩ።

«አበቃ እኮ።»

«ከማህተሙ ሥር አለ።»

መነጽራቸውን አስተካከሉ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። እኔ አልረዳኋቸውም። መስመሯን በቃሌ አውቃታለሁ፤ አልነገርኳቸውም። በገዛ አፋቸው እንዲሉት ፈለግኩ።

«ጮክ ብለው» አሉ ሰብሳቢው።

«ለመጨረሻ ጊዜ የታረመው... ማክሰኞ... ከኃላፊ ቢሮ።»

አቶ ደምሰው ቶሎ ብለው፣ «ቢሮዬ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ይጽፋል። እሷም በየቀኑ ትገባለች» አሉ።

«ማክሰኞ ሆስፒታል ነበርኩ» አልኩ። «ብርቱካን ይዘው መጥተው ነበር።»

ሰብሳቢው ወደ ኡጁሉ ዞሩ። «ይህ ታሪክ የምትሉትን እንየው እስቲ።»

ተነሥተን ወደ ኡጁሉ ክፍል ሄድን። ኡጁሉ ተቀመጠ። ጣቱን አነሣና ሳይጫን ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ተናገርኩ።

«ከመከፈቱ በፊት አንድ ነገር አለኝ። አራት መስመር ታያላችሁ። ሦስተኛው የእኔ ውሸት ነው። ትናንት የጻፍኩት ነው። ለአቶ ደምሰው በቃል ነግሬያለሁ ብዬ ጽፌያለሁ። አልነገርኳቸውም። አራተኛው ስሰርዘው ነው።»

አቶ ደምሰው ነፍስ ዘሩ። «ሰማችሁ? በአፏ ውሸታም ነኝ አለች። ታዲያ ሁለተኛውንስ እሷ ላለመጻፏ ምን ማረጋገጫ አለ? እንዲህ ያለች ሴት—»

ቱት አቋረጣቸው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጎንበስ ብሎ ፊታቸውን ቀርቦ ነው የተናገረው።

«አንተ ቆይ። እሷ ውሸቷን ሳይከፈት ተናገረች። አንተ ውሸትህን ማህተም አድርገህ ላክልኝ። እኔ በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ያዝኩልህ።»

ኡጁሉ ተጫነ። አራቱም መስመር መጣ። ሰብሳቢው አንድ በአንድ አስከፍተው አነበቡ። የእኔ ውሸት ሲነበብ ፊቴ ተቃጠለ፤ ራሴን ግን አላቀረቀርኩም። ሁለተኛው ሲነበብ አቶ ደምሰው የኡጁሉን ወንበር ድጋፍ ይዘው ቆሙ።

«እንግዶች የክትባት ዘመቻውን ማታር ላይ ሊመርቁት ቀን ተቆርጦ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ክትባት የለም ብዬ እንዴት ልናገር? ብልቃጡን አየሁት። ደህና ይመስል ነበር።»

ሰብሳቢው ይህንንም ጻፉት።

አቶ ደምሰው ከሥራ ታገዱ፤ ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ሄዶ ተፈረደባቸው። ከችሎቱ በፊት ባለቤታቸው ቤቴ መጡ። «አበልጅ፣ ቃልሽን አለዝቢልን። የልጅሽ የክርስትና አባት ነው» ብለው አለቀሱ። ውኃ ሰጠኋቸው። ቃሌን አልሰጠኋቸውም። ፖሊስ የወሰዳቸው ቀን የግቢው በር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ማየት አያስፈልገኝም ነበር። ግን እስኪታጠፉ ድረስ ቆሜ አየሁ። ጣፍጦኝ እንደነበር አልደብቃችሁም። እኔም ለውሸቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ማህተም ያለበት። ፈርሜ ተቀበልኩ።

ፖሊስ በወሰዳቸው ሳምንት ከቱት ጋር ወደ ማታር ወረድኩ። አዲሱን ክትባት በበረዶ ሣጥን አድርጌ ጀልባው ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ለማንም አላስያዝኩም። ጤና ጣቢያው በር ላይ እናቶቹ ተሰብስበው ነበር፤ አልተሰለፉም። ቱት እየተረጎመልኝ የመጀመሪያው ክትባት እንደተበላሸ፣ እያወቀ የላከው ሰው እንደታሰረ ነገርኳቸው። ስሙንም ጠራሁ። ጮክ ብዬ ነው የጠራሁት።

አንዲት ሴት ከመሐል ተነሣች። የቱት እህት ናት፤ ልጇ የሞተችባት። ረጅም ነገር ተናገረች። ቱት ሲተረጉመው አጭር ሆነ።

«መበላሸቱን ሰኞ አወቅሽ ትላለች። ሰውዬው ማክሰኞ አጠገብሽ መጣ ትላለች። አፍ አልነበረሽም ወይ ትላለች።»

ልጄ ታሞ ነበር ልላት ፈልጌ ነበር። ልጅ የሞተባት ሴት ፊት ልጄ ታሞ ነበር አይባልም። «ነበረኝ» አልኩ። ቱት ተረጎመው። ሴትዮዋ የቀረችላትን ትንሿን ልጇን አቅፋ ከፊቴ መጥታ ተቀመጠች፤ የልጅቷን ክንድ ገለጠችልኝ። ሌሎቹ ከኋላዋ ተሰለፉ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ነገር ምን እንደለወጠብኝ ልንገራችሁና ላብቃ። አቶ ደምሰውን ይቅር ብያቸዋለሁ ብል ሁለተኛ ውሸቴ ይሆናል። የነፍስ አባቴ በየዓመቱ ይጠይቁኛል፤ በየዓመቱ «ገና ነኝ አባቴ» እላቸዋለሁ። ለእግዚአብሔር ግን ምስጋና አለኝ። ልጄን ሰጥቶኛል። እጄ የጻፈውን ክፉ ነገር ሳይሸፍን ትቶልኛል፤ ያ ምሕረት መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ሁሉ በእግሬ ሄጄ በአፌም እናገራለሁ። ጻፍኩት ማለት ነገርኩ ማለት አይደለም። ባልደረቦቼ «ሲስተር ዝምተኛ ናት፤ ስለ ክትባት ከሆነ ግን ሽንት ቤት ድረስ ትከተልሃለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ።

ከማታር የተመለስኩ ዕለት መጀመሪያ የገባሁት ስቶር ነው። ገጹን ከፈትኩ፤ «አርም» የሚለውን ተጫንኩ። አንዲት መስመር ጻፍኩ፤ ማንም አላዘዘኝም። ኡጁሉ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ነበረች። ታሪኩን ለሚከፍት ሁሉ ከላይ የምትታየው እሷ ነበረች፦

«ማክሰኞ ለአቶ ደምሰው በቃል አልነገርኩም። ብነግራቸው ኖሮ ጊዜ ነበር፤ ጀልባው ገና አልተነሣም ነበር። አስካለ። ከስቶር።»